የወሎ ምድጃ ለአዲስ አበባው ጉባኤ ይቅረብ

ግልጽ ደብዳቤ

ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር
ለፕላንና ልማት ሚኒስቴር
በዓለም አቀፍ የአየር ንብረት ድርድር ኢትዮጵያን ለምትወክሉ ባለሙያዎች ሁሉ

ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው። የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። 32ኛው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ በ2020 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ እንደሚካሄድ ኅዳር 2018 ከብራዚል ሲነገር ከልቤ ደስ ብሎኛል። ስለ ሙቀት፣ ስለ ነዳጅና ስለ ገንዘብ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲከራከሩ የኖሩ አገሮች እኛው ቤት መጥተው ይቀመጣሉ። እንዲህ ያለ ዕድል ደግሞ ቶሎ አይመለስም።

ልመናዬ አንድ ነው። ወደ ድርድሩ ስትገቡ የገጠሩን ምድጃ ከፊት አስቀድሙት። ግድቡን አትተዉት። ችግኙንም አትተዉት። ግን ምድጃው ይቅደም። የጓዳ ወሬ እንዳይመስላችሁ። ጉዳዩ የውጭ ምንዛሪ፣ የጎረቤት አገርና የዓለም ገበያ ጉዳይ ነው። ለምን እንዲህ እንደምል ከአገሬው ኑሮ ተነስቼ ላስረዳ።

የወሎ ደጋ ዛፉ ከሳሳ ቆይቷል። ከጉጉፍቱ እስከ ለጋምቦ፣ ከኩታበር እስከ ደላንታ ብትሄዱ በየግቢው የኩበት ክምር ታያላችሁ። እናቶቻችን እበቱን ይጠፈጥፉታል፣ ያደርቁታል፣ ለክረምት ይከምሩታል። እንጀራው በሱ ይጋገራል። ወጡ በሱ ይሠራል። የደጋው ብርድም የሚመለሰው በሱ ነው። ወደ ቆላው ወርዳችሁ ቆቦና ባቲ ብትደርሱ ደግሞ የማሽላ አገዳ ይነዳል። አገዳው የከብት ቀለብም ነው። ስለዚህ ሰውና ከብት በአንድ አገዳ ላይ ይሻማሉ።

እስከዚህ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቀጥሎ ያለው ግን በየመድረኩ ሲነሳ ብዙም አልሰማሁም። ያ ኩበት ባይነድ ኖሮ ፍግ ነበር። እበት ሲቃጠል ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል። አመዱ ውስጥ ፎስፈረስና ፖታሽ ይቀር እንደሆነ ነው እንጂ ሰብሉ አጥብቆ የሚፈልገው ናይትሮጅን የለም። ገበሬው ያንኑ ናይትሮጅን በሌላ በር መልሶ ይገዛዋል። ዩሪያ አድርጎ ይገዛዋል። ዩሪያ በአብዛኛው የሚሠራው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። ባሕር ማዶ ተሠርቶ፣ በዶላር ተገዝቶ፣ በጅቡቲ ወደብ ገብቶ፣ በከባድ መኪና ተጭኖ ነው ደላንታ፣ ወገልጤና ከተማ የሚደርሰው።

እንግዲህ የካቲት 2014ን አስታውሱ። ሩሲያ ዩክሬንን ወረረች። የአውሮፓ የጋዝ ዋጋ ጣሪያ ነካ። የአውሮፓ የማዳበሪያ ፋብሪካዎች ማምረት አላዋጣቸው ብሎ ብዙዎቹ ምርት ቀነሱ፣ አንዳንዶቹም ለጊዜው ዘጉ። የዓለም የዩሪያ ዋጋ ተሰቀለ። አውሮፓ የሩሲያን ጋዝ ለመተካት ፈሳሽ ጋዝ በውድ ስትገዛ ፓኪስታንና ባንግላዴሽ በዋጋው ተገፍተው መብራታቸው ይቆራረጥ ጀመር። የለጋምቦ ገበሬ ከዚህ ሁሉ ጠብ ውስጥ የለበትም። ሂሳቡ ግን ደጁ ድረስ መጥቶለታል። ከዚያ ደግሞ ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በዶላር የሚገዛው ሁሉ እንደገና ናረ። መንግሥት ማዳበሪያን ይደጉማል፣ እሱ እውነት ነው። ድጎማውም ቢሆን ከአገር ካዝና የሚወጣ ገንዘብ ነው።

በየጉባኤው «የኃይል ዋስትና» ሲባል ስሰማ የማስበው ይህንን ነው። ለጀርመን የኃይል ዋስትና ማለት በብርዱ ወራት ቤት የሚያሞቅ ጋዝ ነው። ለጃፓን የነዳጅ መርከብ ያለ ስጋት የሚያልፍበት የባሕር መንገድ ነው። ለአንዲት የደላንታ እናት እንጀራ የምትጋግርበት ነገር ነው። ሦስቱም አንድ ገበያ ላይ ይገናኛሉ። ልዩነቱ ሁለቱ በዚያ ገበያ ላይ ተናጋሪ አላቸው። የሷ ተናጋሪ እናንተ ናችሁ።

ወሎ ይህን ትምህርት የቀመሰው ገና ዱሮ ነው። በ1965 ዝናቡ ቀረ። ረሃቡ ገባ። ሰው በየመንገዱ ወደቀ። ወዲያው መስከረም 1966 መጨረሻ ላይ በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ተነሳ፤ በጥቅምት የአረብ ነዳጅ አምራቾች ማዕቀብ ጣሉ፤ የድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ በጥቂት ወራት ወደ አራት እጥፍ ደረሰ። የካቲት 1966 አዲስ አበባ ላይ የቤንዚን ዋጋ ጨመረ፣ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፣ መምህራንም በራሳቸው ጥያቄ ወጡ። መስከረም 2 1967 ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወረዱ። ስለ ረሃቡና ስለ ነዳጁ ብዙ ጊዜ ለየብቻ ነው የሚነገረን። እኔ ክፍል ውስጥ አንድ ላይ ነው የማስተምረው። ድርቅ ብቻውን መንግሥት አይጥልም። የነዳጅ ዋጋም ብቻውን አይጥልም። የመሬቱ ሥርዓት ነበረ፣ የረሃቡ መደበቅ ነበረ፣ የእህሉ ዋጋ ነበረ። ሁሉም በአንድ ዓመት ሲገጣጠም ግን አገር ተናወጠ።

የወሎ ስም በውጭ ሰው አፍ ከረሃብ ጋር ብቻ ሲነሳ ያመኛል። ከ1966 በኋላ 1977 መጣ፤ ያን ጊዜ የዓለም ካሜራ ሁሉ እዚህ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያደገው ልጅ ራሱን በዚያ ፎቶ ውስጥ ማየት አይፈልግም። እኔም ለምጽዋት አይደለም የምጽፍላችሁ። ወሎ ለዓለም የሚያስረዳው ነገር ስላለው ነው።

የዝናቡን ነገር እንመልከት። የወሎ ደጋ ሰው ትልቅ ተስፋው በልግ ነው። የካቲት ገደማ ጥሎ እስከ ግንቦት የሚዘልቀው ዝናብ ገብሱን ያደርሳል፤ ሰኔና ሐምሌ ላይ ጎተራው ባዶ እንዳይሆን ያደርጋል። የምሥራቅ አፍሪካ የዚያ ወቅት ዝናብ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ እየሳሳ መምጣቱን የአየር ንብረት አጥኚዎች መዝግበዋል። ከሚጠቅሷቸው ምክንያቶች ዋናው የሕንድ ውቅያኖስና የምዕራብ ፓሲፊክ ውሃ መሞቅ ነው። ሽማግሌዎቻችን ውቅያኖሱን አላዩትም። በልጉ እንደ ድሮው አለመሆኑን ግን ከማንም በፊት አውቀውታል። ሲቀር ክርስቲያኑ ምህላ ይይዛል፣ ሙስሊሙ ሜዳ ወጥቶ ሰላተል ኢስቲስቃ ይሰግዳል፤ የአንዱ ዱአ ላይ ሌላው አሚን ይላል። ወሎ እንዲህ ነው የኖረው።

ክረምቱም ቢሆን የፓሲፊክን ፊት እያየ ነው። በ2007 ክረምት ኃይለኛ ኤልኒኞ፣ ማለትም የፓሲፊክ ውሃ መሞቅ፣ ዝናቡን አሳጣን። በቀጣዩ ዓመት በመላ አገሪቱ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው ተገለጸ። ከዚያ አንበጣው መጣ። የሱ ታሪክ ለናንተ ለዲፕሎማቶቹ ትልቅ መከራከሪያ ነውና ልብ በሉት። እ.ኤ.አ. በ2018 መኩኑ እና ሉባን የተባሉ ሁለት የባሕር አውሎ ነፋሶች የአረቢያን በረሃ በዝናብ አጠቡት። ሰው በማይኖርበት በዚያ በረሃ አንበጣው ተራባ። ወደ የመን ሲሻገር ጦርነት ነበርና በቅጡ የሚከላከለው አልነበረም። ከዚያ ባሕር ተሻግሮ ወደኛ ገባ። ጥቅምት 2013 ላይ ጤፉና ማሽላው ሊታጨድ ሲል የወሎን ቆላ ሸፈነው። የሞቀ ውቅያኖስ፣ የሌላ አገር ጦርነት፣ የኛ ገበሬ ማሳ። ይህን ሰንሰለት በድርድር ላይ በዝርዝር የሚያስረዳ ሰው ቢኖር ሰሚ አያጣም ባይ ነኝ።

ወደ ምድጃው ልመለስ። ፍጉ ከማሳው ሲቀር ገበሬው ከሚያጣው ምርት ሌላ አፈሩም ይሞታል። ፍግ የጠገበ አፈር ዝናቡን እንደ ስፖንጅ ይይዛል። ፍግ ያጣ አፈር ግን ጎርፍ ይወስደዋል። የት ይወስደዋል? የወሎ ተራሮች ውሃቸውን በሦስት አቅጣጫ ይልካሉ። ተከዜ ከላስታ ይነሳል። በሽሎ ወደ ዓባይ ይወርዳል። ቦርከናና ሚሌ ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። አፈሩም አብሮ ይሄዳል። ሱዳን ውስጥ የሮዘሬስና የሰናር ግድቦች ከኛ ተራራ በወረደ ደለል ለዘመናት ሲቸገሩ ኖረዋል። የተከዜ ግድብ አለን። አሁን ደግሞ ጳጉሜ 4 2017 የተመረቀው፣ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ ግድብ አለን። ለዚያ ግድብ የወሎ ገበሬ ቦንድ ገዝቷል። የውጭ አበዳሪ ባይገኝ ከራሱ ኪስ አውጥቷል። እሱ ገንዘቡን ያዋጣበት ግድብ በእሱው ማሳ አፈር እንዲሞላ ማድረግ የለብንም።

ከግብፅና ከሱዳን ጋር የምናደርገው ክርክር ሁልጊዜ በውሃው መጠን ላይ ነው። ስንት ይለቀቃል፣ ስንት ይያዛል። ስለ አፈሩ የምንናገረው ትንሽ ነው። የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። በኔ እምነት በዚያ ማዕቀፍ ስር ኢትዮጵያ እንዲህ ማለት ትችላለች፦ የወሎ፣ የጎጃምና የጎንደር ደጋ ቤቶች ከኩበት ሲላቀቁ ፍጉ ወደ ማሳ ይመለሳል፣ ደለሉ ይቀንሳል፣ የታችኞቹም ግድቦች ዕድሜ ያገኛሉ። ስለዚህ የምድጃው ወጪ የጋራ ወጪ ነው። ገበሬው በሴፍቲኔት ከ1997 ጀምሮ ተዳፋቱን በእርከን ሲሠራ ኖሯል። ጉልበቱ ለጎረቤት አገር ግድብም እንደሚጠቅም አንድ ቀን እንኳ በሂሳብ ተቀምጦለት አያውቅም።

«ታዲያ መብራት እየገባ አይደል?» የሚል ሰው ይኖራል። መልሱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በኢትዮጵያ ገና ግማሽ ያህሉ ሕዝብ ነው ኤሌክትሪክ ያገኘው። ሁለተኛ፣ መብራት የገባበት ቀበሌም ቢሆን እንጀራውን የሚጋግረው በኩበትና በእንጨት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። ለአምፖልና ለስልክ ቻርጅ ታስቦ የተዘረጋ የገጠር መስመር ይህን አይችልም። ጥቂት ቤቶች አንድ ላይ ምጣድ ቢሰኩ ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል። ምሰሶው አለ፣ አምፖሉ አለ፣ ጭሱም አለ።

ከውጭ የሚመጡ የ«ንጹህ ማብሰያ» ፕሮግራሞችም ምጣድን አያውቁትም። ለድስት የተሠራ ትንሽ ምድጃ ይሰጣሉ። ሩዝ ለሚቀቅል አገር ደግ ነው። እኛ ጋ ግን ከቤቱ የማገዶ ፍጆታ ግማሽ ያህሉን የሚበላው እንጀራ መጋገር ነው። ሰፊ ምጣድ፣ እኩል የተሰራጨ ኃይለኛ ሙቀት ይፈልጋል። የሸክላው ውፍረት ብቻውን ብዙ ሙቀት ይበላል። ሶላር መብራት ለልጆች ማጥኛ በረከት ነው፤ እንጀራ ግን አይጋግርም። ስለዚህ ገንዘቡ ሲመጣ ለምጣድ ምርምር ተብሎ በስሙ ይመደብ። ሸክላው ይሳሳ፣ ሽቦው ይሻሻል፣ አንድ ምጣድ በግማሽ ኃይል ይጋግር። ይህን የኛ መሐንዲሶች ይችሉታል። ጠንካራ ትራንስፎርመር በአንድ ቦታ ተክሎ ሰፈሩ በተራ የሚጋግርበት የጋራ ቤትም ሊታሰብ ይችላል። ባዮጋዝ ደግሞ ለወሎ የተሰጠ ነገር ይመስለኛል፤ እበቱ ጋዝ ይሰጣል፣ ዝቃጩ ተመልሶ ማዳበሪያ ይሆናል። ችግሩ ውሃ ይፈልጋል፣ በቂ ከብት ይፈልጋል፣ የደጋው ብርድም ሥራውን ያዘገየዋል። ለደጋ የሚሆን ዓይነት ላይ ቢሠራበት ዋጋው አይጣልም።

በሲሊንደር የሚመጣው ጋዝስ? ለከተማው ይሁን። ለገጠሩ ዋና መፍትሔ ማድረግን ግን እፈራለሁ። ከውጭ ይገባል፣ በዶላር ይገዛል፣ በጅቡቲ ያልፋል። እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ቀይ ባሕር ላይ መርከቦች ሲጠቁ ብዙዎቹ አፍሪካን በደቡብ ዞረው መሄድ ጀምረው ነበር። ኩበትን ትተን በቀይ ባሕር ደቡባዊ በር በባብ ኤል ማንደብ ሰላም ላይ የተንጠለጠለ ምድጃ ብንይዝ ምን አተረፍን? ጎዴ ላይ ሊሠራ የታቀደው የማዳበሪያ ፋብሪካ በራሳችን ጋዝ ዩሪያ ሲያመርት የዶላሩን ጭንቀት ያቀልልናል፤ እደግፈዋለሁ። የሞተ አፈርን ግን ዩሪያ ብቻውን አያድነውም። ፍጉ የግድ ያስፈልጋል።

በራሳችን ውሃ የመነጨ ኤሌክትሪክ ነው ለምጣዳችን የሚያዋጣው። ይህን ስል የኃይል ሽያጩን አልቃወምም። ለጅቡቲና ለኬንያ እንሸጣለን፤ ለሱዳንም ስንሸጥ ኖረናል። ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያዋ ሱስዋ ከ1,000 ኪሎሜትር በላይ የተዘረጋው መስመር የጉርብትና ሥራ ነው፤ መብራት የተገናኘ አገር ለጠብ አይቸኩልም። ታንዛኒያም በዚያው በኩል ደርሷታል። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ባለፉት ዓመታት ክሪፕቶ የሚባለውን የኮምፒውተር ገንዘብ ለሚያመርቱ የውጭ ኩባንያዎች ኃይል ሸጠናል። ዶላር አምጥቷል፣ ይገባኛል። ግን የኮምፒውተር ክምር ሌት ተቀን ኃይል ሲጠጣ የወሎ እናት ዓይኗ በኩበት ጭስ እየቀላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። ከወጪ ንግዱ ገቢ የተወሰነው እጅ በሕግ ለገጠር ምጣድ መስመር ይመደብ። ይህን አድርገን ብንሄድ ጉባኤው ላይ የምንናገረው ይሰማል። የራሱን ያልጀመረ ሰው ሌላውን «አምጣ» ሲል አፉ ይከብደዋል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። እ.ኤ.አ. በ2009 ኮፐንሃገን ላይ ሀብታም አገሮች ለታዳጊ አገሮች የአየር ንብረት ሥራ እስከ 2020 በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር ለማድረስ ቃል ገቡ። ያን ጊዜ አፍሪካን ወክለው የተደራደሩት መለስ ዜናዊ ነበሩ። ቃሉ የተሞላው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው፤ ሁለት ዓመት ዘግይቶ። አብዛኛውም ብድር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ባኩ ላይ ደግሞ እስከ 2035 በዓመት 300 ቢሊዮን ተባለ። ታዳጊ አገሮች የጠየቁት 1.3 ትሪሊዮን ነበር። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2023 ላይ የ33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ መክፈል ያቃታት አገር ናት። ለዓለም የሙቀት ጋዝ ልቀት መላው አፍሪካ ያለው ድርሻ ከ4 በመቶ አይበልጥም። ታዲያ ሌላው ባሞቀው ዓለም ውስጥ ምድጃችንን ለመቀየር ለምን በወለድ እንበደራለን? ለምድጃ የሚሰጥ ገንዘብ እርዳታ መሆን አለበት። እዚህ ላይ ወደኋላ እንዳትሉ አደራ እላለሁ።

የካርቦን ሽያጭ የሚያቀርቡላችሁም ይመጣሉ። «ምድጃ እናድላለን፣ የቀነሰውን ጭስ እንሸጣለን» ይላሉ። ጠንቀቅ በሉ። ከዚህ በፊት በዓለም ዙሪያ በምድጃ ስም ከተሸጠው የካርቦን ቅነሳ ብዙው ከእውነተኛው በላይ ተጋኖ እንደተቆጠረ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ምድጃው ጥግ ተጥሎ ኩበቱ እየነደደ ባሕር ማዶ ያለ ድርጅት «ንጹህ ነኝ» የሚልበትን ወረቀት እኛ መፈረም የለብንም። ከተሸጠም ቆጠራው የእኛ፣ ትርፉም የባለ ምድጃዋ ይሁን።

ጊዜው ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። አሜሪካ ከፓሪስ ስምምነት ወጥታለች። የአሜሪካ የእርዳታ ድርጅት የነበረው ዩኤስኤአይዲ እ.ኤ.አ. በ2025 ተዘግቷል፤ ስንዴውን ሲጠብቁ ለነበሩ ወረዳዎች ይህ የሩቅ ዜና አይደለም። አውሮፓም ገንዘቡን ወደ መሣሪያ እያዞረ ነው። ቢሆንም ትንሽ አገር ምን ታመጣለች አትበሉ። ቫኑዋቱ የምትባል የፓሲፊክ ደሴት ከተማሪዎች የተነሳን ሐሳብ ይዛ ጉዳዩን ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ዘንድ አደረሰችው። ሐምሌ 2017 ፍርድ ቤቱ መንግሥታት የአየር ንብረትን የመጠበቅ ሕጋዊ ግዴታ እንዳለባቸው አስተያየቱን ሰጠ። የቫኑዋቱ ሕዝብ ከደቡብ ወሎ ዞን ሕዝብ እጅግ ያንሳል። ያደረገችው አንድ ነገር መርጣ እሱን አጥብቃ መያዝ ነው።

የኛ አንድ ነገር ምድጃ ይሁን ስላችሁ አጋር ስለማያጣም ነው። በዓለም ላይ ከ2 ቢሊዮን በላይ ሰዎች በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት ነው የሚያበስሉት። ሕንድ ኩበቱን ታውቀዋለች። ባንግላዴሽ ታውቀዋለች። ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ ሁሉ ጭሱን ያውቀዋል። በግንቦት 2016 ፓሪስ ላይ ለአፍሪካ ንጹህ ማብሰያ 2.2 ቢሊዮን ዶላር ቃል ተገብቷል፤ የዓለም ባንክና የአፍሪካ ልማት ባንክም እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ 300 ሚሊዮን አፍሪካውያንን ከኤሌክትሪክ ጋር እናገናኛለን ብለዋል። ስታገናኙ ምጣድ የሚችል መስመር ዘርጉ በሏቸው። ለአምፖል ብቻ የሚሆን መስመር እንደ ተገናኘ አይቆጠርልን።

ሰላምን ሳላነሳ ባልፍ ቅር ይለኛል። በ2014 በነበረው ጦርነት ሰሜን ወሎ ለወራት ጨለማ ውስጥ ነበረች። ወፍጮ ቆመ፣ የሆስፒታል ማቀዝቀዣ ጠፋ፣ ሰው ወደ ጫካው ተመለሰ። ለዓመታት የተተከለ ባሕር ዛፍ በአንድ ወቅት ለማገዶ ወደቀ። ምሰሶው በጥይት የሚወድቅበት አገር ውስጥ ስለ ኃይል ዋስትና ማውራት ከባድ ነው። ዛሬም በክልላችን ሰላሙ አልተሟላም። እናንተ የአየር ንብረት ሰዎች ናችሁ፣ ይህ ሥራችሁ አይደለም ትሉ ይሆናል። ለእንግዳ በምታሰናዱት ሰነድ ውስጥ ግን አትዝለሉት።

የምጠይቃችሁን በግልጽ ላስቀምጥ። ኢትዮጵያ ለጉባኤው የምትይዘው አቋም ረቂቅ ከመጽደቁ በፊት በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሌሎችም ቋንቋዎቻችን ይውጣ። ጊዜ ይሰጠን፤ እናንብበው፣ እንከራከርበት። ከዝግጅት መድረኮቹ አንዱ ደሴ ወይም ወልድያ ላይ ይሁንልን። ከየወረዳው የሚጠሩት የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች ብቻ አይሁኑ፤ ኩበት የሚጠፈጥፉ እናቶች ይምጡ፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ይምጡ፣ ምጣድ የሚሠሩ ሸክላ ሠሪዎችም ይምጡ። የጉባኤው እንግዶች ላሊበላን ሊጎበኙ መምጣታቸው አይቀርም። የምታዘጋጁላቸው ፕሮግራም ላይ ላስታ ውስጥ ያለ አንድ የገበሬ ቤት ጨምሩበት፤ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ይግቡና ጭሱን እዚያው ያግኙት።

እኔና ባልደረቦቼ፣ ተማሪዎቻችንም ጭምር፣ በየቤታችን ምን እንደሚነድ፣ ከየት እንደሚመጣና ስንት እንደሚያስወጣ ጽፈን ልንልክላችሁ ዝግጁ ነን። የምትቀበሉበትን አድራሻና ቀኑን አሳውቁን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጂኦግራፊ መምህር
ደሴ፣ ወሎ